የመንገድ ዳር ፖስታ ሳጥን በበረዶ አገር፦ አተካከሉና አያያዙ

ኅዳር በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። አንዱ “ፕላው (የበረዶ መጥረጊያው መኪና) ሜይልቦክሴን ጣለብኝ” ይላል። ሌላዋ “ፖስተኛው ጎረቤቴ ጋ እየቆመ እኔን ዘሎኝ ይሄዳል፣ ለምንድን ነው?” ትላለች። አብዛኞቹ ከአፓርትመንት ወጥተው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ባሉት ከተሞች ቤት የገዙ ሰዎች ናቸው። አፓርትመንት ሳሉ ሳጥኑ የሕንፃው ባለቤት ጣጣ ነበር። አገር ቤት ደግሞ ፖስታ የሚወሰደው ፖስታ ቤት ካለው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። አሁን ግን ደጃፍ ላይ የቆመው ሳጥን የቤቱ ባለቤት ንብረትና ኃላፊነት ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ልኮቹ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለመላው አገሪቱ ያወጣቸው ስለሆኑ ዴንቨርም ሆነ ሱ ፎልስ ላላችሁ ይሠራሉ። የአየሩና የአፈሩ ነገር ግን የሚኒሶታን ክረምት አስቤ የጻፍኩት ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ፕላው ሳጥን የሚጥለው በብረቱ ገጭቶ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ከብረቱ ላይ እየተወረወረ የሚመጣው እርጥብና ከባድ በረዶ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ምሰሶው ላይ ጠብቆ መታሰር አለበት፤ ምሰሶውም የበረዶውን ግፊት መቻል አለበት። ነገር ግን ምሰሶው መኪና ቢገጨው መሰበር ወይም መውደቅ ይኖርበታል። መንገድ ስቶ የመጣ ሹፌር ከማይበገር ምሰሶ ጋር ከተላተመ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ለማሟላት ነው።

ሥራውን ጥቅምት ሳያልቅ ጨርሱ። መሬቱ አንዴ ከጠጠረ መቆፈሪያችሁ ድንጋይ እንደመታ ይመለሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁሉም ሆም ዲፖ ወይም ሜናርድስ ከሚባሉት የግንባታ ዕቃ መደብሮች ይገኛል።

- የፖስታ ሳጥን። ሲገዙ ከፖስታ አገልግሎቱ ፈቃድ ያገኘ መሆኑን የሚያሳየው ማኅተም በሩ ላይ መኖሩን እዩ። ወፈር ያለ ቆርቆሮ ምረጡ፤ ርካሽ ፕላስቲክ በከባድ ብርድ ይሰነጠቃል።
- 4 በ4 ኢንች የሆነ፣ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ የእንጨት ምሰሶ፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው
- ለክንዱ (ሳጥኑን ከምሰሶው ወደ መንገዱ ለሚያወጣው አግድም እንጨት) ሌላ አጭር 4 በ4፣ ለድጋፍ የሚሆን ሰያፍ ቁራጭ እንጨት
- ሳጥኑ የሚቀመጥበት ጣውላ
- የማይዝጉ 3 ኢንች ብሎኖች፣ ለሳጥኑ አጫጭር ብሎኖች ከነሮንዴላቸው
- አንድ ሁለት ከረጢት ጠጠር
- ብርሃን የሚያንጸባርቁ ተለጣፊ ቁጥሮችና የሚያንጸባርቅ ቴፕ
- መቆፈሪያ (ሁለት እጀታ ያለው፣ አፈሩን ቆንጥጦ የሚያወጣው ዓይነት)፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ድሪል፣ መጋዝ፣ መጠቅጠቂያ የሚሆን ወፍራም ዱላ
- የሲሊኮን ስፕሬይ

ሲሚንቶ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የረሳሁት እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

አተካከሉ

1. ቦታውን አረጋግጡ። ነባር ሳጥን ካለ እዚያው ትከሉ። አዲስ ቦታ ከሆነ ወይም ልታዛውሩት ካሰባችሁ መጀመሪያ ፖስታ ቤታችሁን ጠይቁ። ፖስተኛው በመኪናው ሆኖ መንገዱን በቀኝ በኩል ይዞ ነው የሚያድለው። ሳጥናችሁ ከመንገዱ ማዶ መሆን ካለበት እናንተ በደጃችሁ ስለተከላችሁት መስመሩን አይቀይርም። የሠፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለም ደንቡን እዩ። አንዳንዱ የሳጥኑን ቀለምና ዓይነት ሳይቀር ይወስናል።

2. ወደ 811 ደውሉ። ጥሪው ነፃ ነው፤ በኢንተርኔትም ይሞላል። ሚኒሶታ ውስጥ ከመቆፈራችሁ ቢያንስ 2 የሥራ ቀን በፊት ማሳወቅ አለባችሁ። ባለሙያዎች መጥተው መሬት ውስጥ የተቀበሩ መስመሮች የሚያልፉበትን ቦታ በቀለም ያመለክታሉ። ቀይ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት መስመር፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። የመንገድ ዳር ማለት እነዚህ ሁሉ የሚያልፉበት ቦታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ “ጉድጓዷ ትንሽ ናት” ብላችሁ ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የጋዝ መስመር ለመብሳት ትንሽ ጉድጓድ ይበቃል። ቀለሙ አጠገብ ስትደርሱ በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ።

3. ለኩ። ሁለት ልኮች አሉ፤ ሁለቱም የፖስተኛው እጅ ከመኪናው መስኮት ሳይንጠራራ እንዲደርስ የተወሰኑ ናቸው።

ከፍታው፦ ከመንገዱ ወለል እስከ ሳጥኑ ታች ከ41 እስከ 45 ኢንች፣ ማለትም ከ104 እስከ 114 ሴንቲ ሜትር።

ርቀቱ፦ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ከርብ ከምንለው፣ እስከ ሳጥኑ በር ከ6 እስከ 8 ኢንች፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር።

ከፍታው የሚለካው ከአስፋልቱ ነው፤ ምሰሶው ከቆመበት ሣር አይደለም። ሣሩ ብዙ ጊዜ ከአስፋልቱ ከፍ ስለሚል ከሣሩ የለካ ሰው ሳጥኑን ከልክ በላይ ያስረዝመዋል። እኔ ሁልጊዜ 44 ኢንች ላይ አደርገዋለሁ። ከፍ ያለ ሳጥን ሥር የሚጠራቀመው በረዶ ቦታ ያገኛል። ደግሞም ከተማው መንገዱን ሌላ አስፋልት ሲያለብሰው ወለሉ ከፍ ይላል፤ ያኔም ሳጥናችሁ ከልኩ አይወጣም።

መንገዳችሁ ከርብ ከሌለው፣ ዳሩ ጠጠር ወይም ቦይ ከሆነ፣ ርቀቱን ፖስታ ቤታችሁ ይነግራችኋል። ከፍጥነት መንገድ ዳር የምትኖሩ ደግሞ የካውንቲውን ወይም የስቴቱን የመንገድ ክፍል ጠይቁ። እንዲህ ባሉ መንገዶች ላይ ሲገፋ የሚዞር፣ ከዚያ ወደ ቦታው የሚመለስ ተወዛዋዥ ክንድ ያለው ምሰሶ አለ፤ ለበረዶ አገር ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

4. ቆፍሩ። ምሰሶውን ልክ ሳጥኑ ሥር አታቁሙት። ከከርቡ 2 ጫማ ያህል ወደ ግቢያችሁ አስገቡትና ሳጥኑን በክንድ ወደ መንገዱ አውጡት። ፕላው የሚገፋው በረዶ ከርቡ ላይ ሲከመር ከክንዱ ሥር ያልፋል፤ ምሰሶውን ፊት ለፊት አይገፋውም። ይህች አንዲት ለውጥ የብዙ ሰው ሳጥን ስታድን አይቻለሁ።

ጉድጓዱ 28 ኢንች ያህል ይጥለቅ፤ ሥሩ ላይ 4 ኢንች ጠጠር አድርጉ። ምሰሶው ራሱ ከ24 ኢንች በላይ መቀበር የለበትም። ጠጠሩ ውሃውን ወደ ታች ያሳልፈዋል። ውሃ ምሰሶው ሥር ከተኛ በብርዱ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ሲያብጥም ምሰሶውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

5. ምሰሶውን አቁሙ። ባለ 8 ጫማውን እንጨት 6 ጫማ ተኩል ላይ ቁረጡት። የቆረጣችሁት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ከፋብሪካ የመጣው ጫፍ መሬት ይግባ። ኬሚካሉ እስከ እንጨቱ እምብርት ስለማይደርስ አዲስ የተቆረጠ ጫፍ መሬት ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። የላይኛውን ጫፍ ትንሽ አዘንብላችሁ ቁረጡት፣ ውሃ እንዳይተኛበት።

ከዚያ አፈሩን በአንድ ጊዜ አትደፉት። አንድ ስንዝር ያህል ሙሉ፣ በዱላው ጠቅጥቁ፣ ውሃ ልኩን በሁለት ጎን አስጠግታችሁ እዩ፣ እንደገና ሙሉ። ሳይጠቀጠቅ የተሞላ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል፤ ምሰሶውም ይላላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲሚንቶ አትሙሉበት። የብረት ቱቦ ከመረጣችሁም ከ2 ኢንች የማይወፍር ይሁን። ወፍራም የብረት ምሰሶ፣ በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል፣ በድንጋይ የተገነባ ዓምድ ያምራል፤ ግን ሰው የሚገድል ነገር ነው። በሕግም ልትጠየቁበት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ “ታዲያ 24 ኢንች በብርዱ አይነቃነቅም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ይነቃነቃል። በሚኒሶታ ደቡባዊ ክፍል የቤት መሠረት እንኳ 42 ኢንች መጥለቅ አለበት፤ ከብርዱ በታች እንዲደርስ። የእኛ ምሰሶ ግን ያን ያህል አይጠልቅም። ስለዚህ በየፀደዩ አፈሩን መልሶ መጠቅጠቅ የግድ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

6. ክንዱንና ሳጥኑን እሰሩ። ክንዱን በ3 ኢንች ብሎኖች ምሰሶው ላይ እሰሩት፤ ከሥሩ በሰያፍ ቁራጭ ደግፉት። የተወረወረ በረዶ ክንዱን ወደ ታችም ወደ ጎንም ነው የሚገፋው። ስለዚህ አንድ ብሎን አይበቃም፤ መጋጠሚያው ላይ ቢያንስ አራት ይግባ።

ቀጥሎ ጣውላውን በሳጥኑ ሆድ ሥር ባለው ክፍተት ልክ ቁረጡት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳጥኑ በር ከወለሉ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ጣውላው ወደ ፊት ከገፋ በሩ ሲከፈት ይነካውና ግማሽ ላይ ይቆማል፤ በግድ ሲጎተት ማጠፊያው ይጣመማል። ጣውላውን ከበሩ በኩል አንድ ኢንች አሳጥሩት። ከማሰራችሁ በፊት ሳጥኑን አስቀምጣችሁ በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዝጉ። ከዚያ ጣውላውን በክንዱ ላይ፣ ሳጥኑን በጎንና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች በጣውላው ላይ እሰሩ። ሁሉም ቀዳዳ ብሎን ይግባበት፤ ሁለት ብቻ አስሮ መተው ለፕላው እንደ መስጠት ነው።

አስታውሱ፣ 44 ኢንቹ የሳጥኑ ታች እንጂ የክንዱ ላይ አይደለም። የጣውላውን ውፍረት ቀንሱ።

7. ቁጥር ለጥፉ። የቤት ቁጥሩ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ይኑረው፤ እኔ 2 ወይም 3 ኢንች የሚያንጸባርቀውን እመክራለሁ። ቀይዋ ባንዲራ ባለችበት ጎን ለጥፉት። መንገድ ላይ ቆማችሁ ሳጥኑን ስታዩት ባንዲራዋ በቀኝ በኩል ናት፤ ፖስተኛውም ፕላውም የሚመጡት ከዚያው ወገን ነው። ሌሊት ለሚሠራው የፕላው ሹፌር የሚያንጸባርቅ ቴፕ ምሰሶው ላይም ጠቅልሉለት። በረዶ እየነፈሰ መንገዱና ሣሩ በማይለዩበት ሰዓት ሳጥናችሁ የት እንዳለ የሚነግረው እሱ ብቻ ነው። ሳጥናችሁ አድራሻችሁ ካለበት መንገድ ሌላ ላይ ከቆመ ሙሉ አድራሻውን ጻፉ።

8. ነቅንቁት። ሳጥኑን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ፣ አጣሙ። በእጅ የሚወዛወዝ ሳጥን የመጀመሪያውን እርጥብ በረዶ አይችልም። የትኛው መጋጠሚያ እንደሚንቀሳቀስ አይታችሁ አጥብቁት።

ክረምት ላይ

ፖስተኛው የሚዘላችሁ ተናዶ አይደለም። መኪናው ገብቶ፣ ፖስታ ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ ሳይሄድ መውጣት አለበት። ወደ ኋላ መሄድ ከኋላ ያለ ልጅ አያሳይም፤ ስለዚህ መንገዱ ካልተጠረገ ማለፍ መብቱ ነው።

1. ከሳጥኑ በፊትና በኋላ 15 ጫማ ያህል ጥረጉ። የሳጥኑን ፊት ብቻ በአካፋ ከፍቶ መተው አይጠቅምም፤ መኪናው ሊጠጋ አይችልም። እስከ ከርቡ ድረስ ጥረጉ፣ ካልሆነ እጁ አይደርስም።

2. በረዶውን ወደየት እንደምትጥሉ አስቡ። ደጃችሁ ላይ ቆማችሁ ወደ መንገዱ ስትመለከቱ ፕላው ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የጠረጋችሁትን ወደ ቀኝ ከምሩ። በግራ በኩል ደግሞ ከሳጥኑና ከድራይቭዌዩ (ከመኪና መግቢያው) በፊት ከርቡን ትንሽ ከፈት አድርጉ። ፕላው ተሸክሞ የመጣውን እዚያ ክፍተት ውስጥ ያራግፍና ሳጥናችሁ ጋ ሲደርስ ይቀልለታል። በግራ የከመራችሁትን ግን ሰብስቦ ሳጥናችሁ ላይ ነው የሚጥለው።

3. በረዶውን ወደ መንገዱ አትግፉ። ሚኒሶታ ውስጥ ክልክል ነው፤ ለሌላውም መኪና አደጋ ነው።

4. ፕላው ካለፈ በኋላ እንደገና ውጡ። ጠዋት ጠርጋችሁ ሥራ ስትሄዱ ፕላው ከሰዓት ዘግቶት ይሄዳል። የተወው በረዶ ሌሊቱን ካደረ ድንጋይ ይሆናል።

5. በሩ በበረዶ ከተጣበቀ የፈላ ውሃ አታፍሱበት፤ ደቂቃ ሳይቆይ በረዶ ይሆንና ይብሳል። በመዳፋችሁ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉ። ከዚያ ማጠፊያውንና የበሩን ጠርዝ አድርቃችሁ ሲሊኮን ርጩበት። ባንዲራዋንም እንዲሁ።

6. በሩ ሁልጊዜ ይዘጋ። የተከፈተ በር የተወረወረውን በረዶ ይቀበልና ተገንጥሎ ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትጠርጉ ፊታችሁን መኪና ወደሚመጣበት አድርጉ፤ ደማቅ ልብስ ልበሱ። ፕላው ሲመጣ ካያችሁ አካፋውን ይዛችሁ ወደ ግቢ ግቡ። ልጆች ከርቡ ላይ በተከመረው በረዶ ውስጥ ዋሻ እንዲቆፍሩ ፈጽሞ አትፍቀዱ። የፕላው ሹፌር ውስጥ ሰው እንዳለ ሊያይ አይችልም፤ ዋሻውም ሊናድ ይችላል። ይህን ለልጆቻችሁ በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ንገሯቸው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

መኪና ሳጥኑ ፊት ማቆም። እንግዳ ሲመጣም ይህን ንገሩት፤ ቡናው ሳያልቅ ፖስተኛው አልፎ ይሄዳል። የቆሻሻ በርሜልም እንዲሁ ነው፤ ከሳጥኑ ራቅ አድርጋችሁ አውጡት።

ባንዲራዋን በሳጥኑ ቀለም መቀባት። ባንዲራ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ መሆን አይፈቀድም፤ ከሩቅ መለየት አለባት።

የላላ ብሎን “በጋ ላይ አጠብቀዋለሁ” ማለት። በጋ ላይ ሳጥኑ አይኖርም።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ስትሄዱ ሳጥኑን ረስቶ መሄድ። ሰሞኑ እዚህ ዋናው የበረዶ ወቅት ነው። ፖስታ ቤቱ ከ3 እስከ 30 ቀን ፖስታችሁን ያስቀምጥላችኋል፤ በኢንተርኔት ወይም በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ ፖስታውን ወደ ዘመድ አድራሻ አስቀይሩ።

በየፀደዩ የሚደረግ ፍተሻ

በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲደርቅ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ ዞር በሉና እዩት። ውሃ ልኩን አስጠጉ፤ ምሰሶው ካዘነበለ አቅኑትና አፈሩን ጠቅጥቁ። ከፍታውን እንደገና ለኩ። ምሰሶውን መሬቱን በሚነካበት ቦታ በካቻቢቴ ውጉት፤ ጫፉ በቀላሉ ከገባ በስብሷል፣ ጥቅምት ሳይደርስ ለውጡት። ብሎኖቹን አጥብቁ። ጨው የበላውን ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ ቀለም ቀቡት። የተላጠ ቁጥር ካለ ለውጡ።

ጥር ላይ ከወደቀ

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፤ ሳጥኑን፣ ምሰሶውን፣ የጎማውን ዱካ። ከዚያ የከተማችሁን የመንገድ ሥራ ክፍል ደውሉ። ብዙ ከተሞች የሚክሱት ፕላው ራሱ የገጨውን ነው፤ የበረዶው ክብደት የጣለውን አይደለም። ደግሞም ሳጥኑ በልኩ የተተከለ መሆኑን ያያሉ። ቆርቆሮው ላይ የብረት ጭረት ወይም የመኪና ቀለም ካለ ቀረብ ብላችሁ አንሱት፤ ልዩነቱን የሚያሳየው እሱ ነው።

ፖስታው እንዳይቋረጥ ጊዜያዊ ሳጥን አቁሙ። ትልቅ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ውስጥ አጭር ምሰሶ አቁማችሁ ዙሪያውን አሸዋ ሙሉ፤ ሳጥኑን ላዩ ላይ እሰሩ። እዚህም ሲሚንቶ የለም። ከፍታውና ርቀቱ ያው ከላይ የተነገረው ነው። ከትልቅ በረዶ በፊት ወደ ግቢ ጎትቱት፣ ፕላው ሲያልፍ መልሱት። መሬቱ ሲቀልጥ የተሰበረውን ምሰሶ ጉቶ አውጡ፣ 811 ደውሉ፣ ከደረጃ 3 ጀምሩ።